የተንጋደዱት ጣዎሶች

ዳፑ የጠለፈቻቸው የትራስ ልብሶች ከመንደሩ የሴቶች ማኅበር ተመለሱባት፤ የጠለፈችባቸው ጣዎሶች ተንጋደዋል ተባለ። እስከ ማታ ካላቃናቻቸው ሌላ ሥራ አታገኝም።

ለምን እንደተንጋደዱ በቤቱ የማያውቅ የለም። እንደ ሌላው የሕንድ ራጃስታን ገጠር ቤት፣ ለመርፌ የሚበቃ ብርሃን ያለው በረንዳው ላይ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ደግሞ የባሏ አባት ቴጃራም ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ተጎልቷል። ምራት ለባሏ አባት ፊቷን አታሳይም፣ በቀጥታም አታናግረውም። ስለዚህ ዳፑ እስከ አገጯ ተከናንባ በጨርቅ ውስጥ እያጮለቀች ትጠልፋለች። ልማድ ዓይኗን ጋርዶ ሲያበቃ፣ ስፌትሽ ጠመመ ብሎ ይከሳታል።

«ይህች ምራትሽ ዓይን የላትም እንዴ?» አለ ቴጃራም ለሚስቱ ለጋቭሪ።

ዳፑ ወደ አማቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «እማዬ፣ እስኪመሽ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ቢቀመጡ ምናለ ይበሏቸው።»

«ዛፉ ሥር ሂድ ትልሃለች።»

«ከአባቴ በረንዳ? መከናነቡ ልማድ ነው በያት።»

«ሰምታለች፣ ደንቆሮ አይደለችም። እኔንም መላላኩ አንገፍግፎኛል። ልማዱ ፊቷን እንዳታይ ነው አይደል?»

«ነው እንጂ።»

ጋቭሪ አንሶላውን ከአልጋው ስባ ከነጥምጣሙ አከናነበችው። «በል፣ አሁን አታያትም።»

ዳፑ መከናነቢያዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ የመጀመሪያውን ጣዎስ እግር መተርተር ጀመረች።

«ምንም አይታየኝም እኮ» አለ ቴጃራም ከአንሶላው ሥር።

«ምን እንዲታይህ ነው? መርፌ አልያዝክ።»