ወገቡ የከሳው ዓምድ

የባንኩ ሕንፃ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ስድስት ረጃጅም ዓምዶች ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባሩን ተሸክመዋል። አምስቱ እንደ ጥንታቸው ናቸው። የዳሩ ዓምድ ልስን ግን ውሃ ገብቶበት ረግፎ ነበር። እንደገና የለሰንኩት እኔ ነኝ።

ሙያውን ያስተማረኝም ያሳደገኝም አጎቴ ነው። ዓምድ ብቻዬን ሲሰጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ አጎቴ መወጣጫው ላይ ወጥቶ ከአናት እስከ እግሩ ክር ወጠረበት። ክሩና ልስኑ ምንም ክፍተት ሳይኖር ገጠሙ።

“ክር አይዋሽም” አለ። “እጅህ ይባረክ! ነገ መሐንዲሱ ይረከበናል።”

በደስታ ቁርጥማቴ ሁሉ ለቀቀኝ። ከሰዓት በኋላ ውሃ ልገዛ መንገዱን ተሻገርኩና ዞር ብዬ አየሁት። አምስቱ ዓምዶች ሞላ ብለው ቆመዋል፤ የእኔው ከሕመም የተነሣ ሰው ይመስል ወገቡ ከስቷል።

የማዶው ሱቅ ዘበኛ ሲያየኝ ቆይቶ፣ “ምነው ወንድሜ፣ ባንኩን ልትዘርፈው ነው የምታጠናው?” አለኝ።

“ዓምዱን ነው የማየው።”

“የቱን? ያን ምሳ ያልበላውን?”

እንግዲህ ዘበኛ ያየውን መሐንዲስ አያጣውም። ባያየው እንኳ እኔ አይቼዋለሁ። ግን አጎቴ በሠራተኛ ሁሉ ፊት መርቆኛል፤ አሁን ተበላሽቷል ብል እሱንም ማዋረድ ነው። ሦስት ጊዜ አጠገቡ ደርሼ ተመለስኩ። በአራተኛው፣

“ጋሼ፣ ዓምዱ መሀሉ ጎድሏል” አልኩት።

“ክሩን አብረን አይተን የለም እንዴ?”

“ክሩ ልክ ነው። ዓምዱ ነው ልክ ያልሆነው።”

“ዛሬስ አፍ አወጣ!” ብለው ሠራተኞቹ ሳቁ። አጎቴ አልሳቀም። ክሩን አንሥቶ ወደ ጎረቤቱ አሮጌ ዓምድ ሄደ። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ወጥረን ያዝነው። የዓምዱ ሆድ ክሩን ወደ ውጭ ገፋው። ክሩ ቀጥ እንዲል ሁለታችንም ጫፉን ሁለት ሁለት ጣት ያህል ከዓምዱ ማራቅ ነበረብን።

አጎቴ ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

“አየህ እነዚህን የድሮ ግንበኞች!” አለ። “ዓምዱ ለዓይን ቀጥ እንዲል ብለው ሆድ አወጡለት። እኔ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን ክር ስወጥር ኖሬ፣ ሽማግሌ ልሆን ስል ነው የማየው።” ከዚያ ስልኩን አወጣና መሐንዲሱን፣ “ነገ አትምጣ፤ አንዱ ዓምድ ተበላሽቶብናል። አዎ፣ ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ” አለው።

“የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ” አልኩት ስልኩን ሲዘጋ።

“ስለዚህ ነገ አብረን እናስተካክለዋለን።”

በማግስቱ አዲሱ ልስን እንዲይዝ የእኔን በመሮ ወቀርነው። አጎቴ ራሱ መወጣጫው ላይ ወጣ። “ከዚህ ሆኜ አይታየኝም። አንተ ተሻግረህ ቁምና ንገረኝ” አለኝ።

ተሻገርኩ። “ትንሽ ጨምር” አልኩ። በመኪናው ጥሩምባ መሀል ለራሴም አልተሰማኝም። አጎቴ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። መንገደኛው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

“ጋሼ! ከመሀሉ ላይ ጨምር!”

ዞር ብሎ ጨመረ። ዓምዱ እንደ አምስቱ ሞላ እስኪል ድረስ ስጮህ ዋልኩ።