ላዌን ውሃ ስትጠጣ

ያገለገሉ ጀልባዎችን እየመረመርኩ እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ገዢ ይጠራኛል፤ ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ እደባብሳታለሁ፤ ከዚያ «ግዛት» ወይም «ተዋት» እላለሁ። ሻጮች አይወዱኝም። ገዢዎችም የሚወዱኝ ሥራዬን እስክጨርስ ብቻ ነው። አዜኖር የሚለውን ስሜን ትተው «አፍራሿ» ይሉኛል፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ሥራዬ በአጭሩ ውሃ ፍለጋ ነው። ውሃ ተንኮለኛ ነው። በመስኮት ጠርዝ ይገባል፣ በብሎን ቀዳዳ ይገባል፣ የሸራው ምሰሶ ላይኛውን ወለል በስቶ በሚወርድበት ቦታ ይገባል። እዚያ ቦታ ላይ ምሰሶውን የሚያቅፍ ቆዳ አለ፤ ቀሚስ እንለዋለን፤ ቀሚሱ ካረጀ ዝናብ ምሰሶውን ይዞ ሰተት ብሎ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርዳል። የባሰው ግን ከታች የሚገባው ነው፤ ባሕሩ ራሱ። ሻጭ ሁሉ «ጠብታ ታይቶባት አያውቅም» ብሎ ይምላል። ፍራሹን ገለጥ አድርጌ ጨው እንጨቱ ላይ ያሰመረውን ነጭ መስመር ሳሳየው ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት ይጀምራል።

ይህን አንደበቴን አንድ ጊዜ የዘጋችው ላዌን ናት።

ላዌን የእንጨት የሸራ ጀልባ ናት፤ ስሟ በእኛ፣ በፈረንሳይ ምዕራብ ጠረፍ በምንኖር ብረቶኖች ቋንቋ ደስተኛ ማለት ነው። ማቱረን የሚባል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳት ኖሮ ሞተ። ሚስቱ ሶአዚግ ከቀብሩ በኋላ ከወደቡ ጀርባ ያለ መጋዘን ውስጥ አስገብተው ቆለፉባት። ሰባት ዓመት። ዘንድሮ መጋዘኑ ሊፈርስ ሆነ፤ ዓርብ ዕለት ባለጥርሱ ማሽን ይመጣል፣ እስከዚያ ያልተነሣ ነገር ሁሉ አብሮ ይደቅቃል ተባለ። ሶአዚግ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጀልባ የሚያቆሙበት ቦታም፣ የሚነዳላቸው ልጅም የላቸውም። የወደብ ከተማችንን ዱዋርነኔን ቤት ለቤት ዞረው ጠየቁ። ዛሬ ሰው የሚፈልገው ፕላስቲክ ጀልባ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሰው ተገኘ። ታንጊ ይባላል፤ ከሬን ከተማ የመጣ መምህር ነው። ላዌንን አንዴ አይቷት ልቡ ጠፍቷል። ግን ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፤ ሚስቱም «መርማሪ ሳያያት ልጆቼ እግራቸውን አያነሡባትም» ብላዋለች። ስለዚህ እኔን ጠራኝ። የእኔ «ተዋት» ለላዌን የሞት ፍርድ ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ በመሰላል ወጥቼ ሆዷ ውስጥ ወረድኩ። ባትሪዬን ገና ሳላበራ እጄ ታየኝ። እጄ ላይ ቀጫጭን የፀሐይ መስመሮች ተጋድመዋል። ቀና ብዬ ግድግዳዋን ባየው፣ በሳንቃና በሳንቃ መካከል የውጪው ብርሃን ይገባል። የቢላዋዬን ስለት በአንዱ ክፍተት ሰደድኩት፤ ያለ ምንም ችግር ወደ ውጪ ወጣ።

ተንደርድሬ ወረድኩ፤ አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«ታንጊ፣ ይቺ ጀልባ አይደለችም፤ ወንፊት ናት!»

ለካ ሶአዚግ ከኋላዬ ቆመዋል። የሹራባቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ይቆልፉ ጀመር፤ የተቆለፈውንም ፈትተው እንደገና ቆለፉት። አፈርኩ።

ታንጊ ግን ወደ መኪናው ሮጦ በካርቶን የታጨቀ የማጣበቂያ ቱቦ ተሸክሞ መጣ። «ማዳም አዜኖር፣ ይሄ እኮ ሲደርቅ ድንጋይ ነው የሚሆነው! ክፍተቱን በሙሉ ዛሬውኑ ብንሞላውስ?»

«ሙላትና ቅበራት!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

አጎቴ ጎልቨን ናቸው። በሥጋ አጎቴ አይደሉም፤ ስለ እንጨት የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ አናጢ ናቸው፣ የሰማንያ አራት ዓመት ሰው። ላዌንን በገዛ እጃቸው ከሠሯት ሰዎች መካከል በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አንቺስ፣ ዝም ብለሽ ታይዋለሽ?» አሉኝ። «የዚያን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ረሳሻት?»

አልረሳሁም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የደረቀች ጀልባ ክፍተት በእንዲህ ያለ ማጣበቂያ እንዲደፈን ፈቀድኩ። ውሃ ውስጥ ስትገባ ሳንቃዎቿ አበጡ፤ ማጣበቂያው ግን ደርቆ ድንጋይ ሆኗልና ማበጫ ቦታ ነሣቸው። በሦስተኛው ቀን ጎድኖቿ ተራ በተራ ተሰበሩ። ድምፁን ወደብ ላይ ቆሜ ሰማሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለእኛ የምንለቅመው እንኳ አልተረፈንም።

«እንጨት ሲደርቅ ይሸሻል፣ ሲጠጣ ይመለሳል» አሉ ጎልቨን ወደ ታንጊ ዞረው። «መመለሻውን ከዘጋህበት የራሱን አጥንት ይሰብራል። በበጋ የደረቀ የፖም ጠጅ በርሜል አይተህ አታውቅም? ውሃ ሲሞሉት መጀመሪያ ያፈሳል፤ ከዚያ ራሱ ይዘጋል።»

«እኔ እንኳ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ።»

«እሱማ ያስታውቃል።»

«አጎቴ» አልኩ እኔ፣ «አንድ ክረምት የደረቀች አውቃለሁ። ሁለት ክረምትም አይቻለሁ። ሰባት ዓመት ግን…»

«አንኳኪያታ! መዶሻ የያዝሽው ለጌጥ ነው?»

ከአፍንጫዋ ጀምሬ ሳንቃ በሳንቃ አንኳኳኋት። የበሰበሰ እንጨት ዱብ ይላል፤ ጤነኛው ይጮኻል። ላዌን ጮኸች። ሆዷን፣ ጎኗን፣ ጭራዋን አንኳኳሁ፤ አንድም ቦታ ዱብ አላለም። በወስፌ ወጋኋት፤ ወስፌው አልገባም። ጎልቨን ከኋላ ከኋላዬ በአውራ ጣታቸው ክፍተቱን እየተከተሉ ይሄዱ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሏት አልሰማሁም።

«አልሞተችም» አሉ መጨረሻ ላይ። «ጠምቷታል።»

ታንጊ ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «እስከ ሐሙስ ቀትር» አለ። «ሐሙስ ቀትር ላይ ባሕር የማይገባባት ከሆነ እገዛታለሁ። የሚገባባት ከሆነ ግን ልጆቼን አልጭንባትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማዳም ሶአዚግ።»

«ልክ ነህ» አሉ ሶአዚግ። «እኔም ብሆን አልጭንም።»

ከሰዓት በኋላ ክፍተቶቹን ጥጥና ሞራ አጎረስናቸው፤ እንጨቱ ሲመለስ ገፍቶ የሚያስወጣው ለስላሳ ነገር ነው። ማክሰኞ ባሕሩ ሲሞላ ክሬኑ በሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች አንጠልጥሎ ውሃው ላይ አወረዳት። ቀበቶዎቹን አልፈታንም፤ ከተፈቱ ትሰምጣለች። እኔ ፓምፕ ይዤ ውስጧ ነበርኩ።

ውሃው ከመቶ ቦታ መጣ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከእግሬ ሥር ይተፋል። ጥጡን እያለፈ፣ ሞራውን እየገፋ ይገባል። ፓምፑ እያጓራ ያወጣል፣ ባሕሩ ደግሞ ይጨምራል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴ ጋ ደረሰ። ታንጊ ከላይ አንገቱን አስግጎ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማዳም አዜኖር፣ እየሰመጠች ነው እኮ!»

«እየጠጣች ነው በል!» ብለው ጮኹ ጎልቨን ከውጪ። ትንሽዬ የመቅዘፊያ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ረጅም እጀታ ያለው የተበሳሳ ሣጥን ይዘዋል። ሣጥኑን ሰጋቱራ ይሞሉና ከላዌን ሆድ ሥር ሰድደው ያራግፉታል። የአያቶቻችን መላ ነው፤ እኔ በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። «ብዪ እንግዲህ! ሰባት ዓመት ጾመሽ አሁን አትግደርደሪብኝ!»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልናገር። ፊት ለፊቴ አንድ ክፍተት እንደ ቧንቧ ውሃ ይተፋ ነበር። የሚተፋው ውሃ ቢጫ ሆነ። ሰጋቱራው በሚገባው ውሃ ተስቦ መጥቶ ክፍተቱ ውስጥ ተሰነቀረ። ጅረቱ ክር ሆነ፤ ክሩ ጠብታ ሆነ። የመጨረሻዋ ጠብታ ሳንቃው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ቆየች፤ አልወደቀችም። ዞር ስል አጠገቡ ያለውም ቆሟል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። የሚያሰምጣት ውሃ ራሱ መድኃኒቷን ተሸክሞ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃን የማውቀው በሌብነቱ ብቻ ነበር፤ ያን ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ረቡዕ ደግሞ እንጨቱ ይናገር ጀመር። ሳንቃዎቹ ሲያብጡና ሲጠጋጉ ቋ ይላሉ፣ ሲጥ ይላሉ፤ ጀልባዋ በሙሉ ከእንቅልፏ ተነሥታ የምትንጠራራ ይመስላል። ሶአዚግ ወደቡ ዳር ወንበር አስቀምጠው ቂጣ በቅቤ እየጠቀለሉ ያበሉን ነበር።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ። «ማቱረን በየፀደዩ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣት ነበር። የእኔ ጉልበት ሲንቋቋ ግን አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም።»

ፓምፑን መጀመሪያ በየሰዓቱ አስነሣነው፣ ቀጥሎ በየሦስት ሰዓቱ። ከሰዓት በኋላ የሚያወጣው አጣ። ቀበቶዎቹን ፈታን። ላዌን ትንሽ ወዘወዝ አለችና በራሷ ተንሳፈፈች። ከዚያ ምሰሶዋን ተከልን፤ አሮጌ የቆዳ ቀሚሱንም መልሰን አሰርንለት።

«አሁን ሆዷን በቧንቧ ውሃ እጠቡልኝ» አሉ ጎልቨን። «ጨው እስኪለቅ። ከዚያ በጨርቅ አድርቋት።»

ታንጊ ሳቀ። «ሁለት ቀን ውሃ ስናወጣ ከርመን መልሰን ውሃ እንጨምር?»

«ነገ ውስጧ ውሃ ብታገኝ ከየት እንደመጣ ማንን ትጠይቃለህ? የባሕር ከሆነ ጨው ነው፤ ከላይ የመጣ ከሆነ ጨው የለውም። አሮጌው ጨው ከቀረባት ምላስህ ይዋሽሃል፣ መምህር።»

ሦስት ጊዜ አጠብናት። አደረቅናት። ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ ያካፋ ነበር፤ እኛ ዘንድ ዝናብ ወሬ አይደለም፣ ልብም አላልኩት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሁላችንም ተሰበሰብን። ታንጊ የቅቤ ኬክ ገዝቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። የወለሉን ክዳን አነሣሁ። ከሥሩ ውሃ አለ። ሁለት ጣት ያህል ሆኖ ዝም ብሎ ተኝቷል።

ታንጊ ጎንበስ ብሎ አየው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ፣ ኬኩን እንደያዘ። ወደቡ ዳር የቆሙት ሶአዚግ ፊቱን አይተው ገባቸው። ወደ መጋዘኑ ዞሩ። ነገ ዓርብ ነው። እኔም ቅስሜ ተሰብሮ ብዕሬን ከኪሴ አወጣሁ፤ «ተዋት» ብዬ ልጽፍ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«አፍራሽ!» አሉ ጎልቨን ከላይ። «ብዕርሽን መልሺና ምላስሽን አውጪ!»

በሆዴ ተኝቼ ጣቴን ነከርኩና ቀመስኩ። ሞራ ሞራ ይላል፤ እንጨት እንጨት ይላል። ጨው ፈለግሁ፤ የለም። አላመንኩም። በእፍኜ ጨልፌ ጠጣሁት። የለም! ተነሥቼ ምሰሶውን ዳሰስኩት፤ ከላይ እስከ ታች ርሷል፤ ከቀሚሱ ሥር ጠብታ ተከትሎ ጠብታ ይወርዳል።

«ዝናብ ነው» አልኩ። «ከላይ ነው የመጣው። ባሕሩ አልገባም።»

ሰኞ ብርሃን ያየሁበት ቦታ ላይ መዳፌን ለጠፍኩ። ክፍተቱን በጣቴ ፈለግሁት፤ አጣሁት። ከመዳፌ ሦስት ጣት እልፍ ብሎ ያ ማዶው የማይታይ ባሕር ነበር፤ ሲገፋትና ሲለቃት በእንጨቱ በኩል ይሰማኛል። ያ ሁሉ ባሕር፣ አንዲት ጠብታ ማስገባት አቅቶታል። የዘጋናት እኛ አይደለንም፤ እኛ ማጠጣት ብቻ ነው ያደረግነው። እንባዬ መጣ። አፍራሿ አለቀሰች እያሉ ወደቡ ላይ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ታንጊም ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። «ቀሚሱ ብቻ ነው?»

«ቀሚሱ ብቻ። የአንድ እሑድ ሥራ ነው።»

«እስቲ እኔም ልቅመሰው» አሉ ሶአዚግ።

እጃቸውን ይዘን አወረድናቸው። ተንበርክከው ጣታቸውን ነከሩና ላሱ። ከቀሚሱ ሥር የሚወርደውን ጠብታ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ማቱረን» አሉ በመጨረሻ፣ «‹ዘንድሮ ቀሚሱን እቀይረዋለሁ› እያለ ሃያ ዓመት ኖሮ ሞተ። ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚረጥበው የእኔ ትራስ ነበር።»

ታንጊ ብድግ ብሎ ርጥቡን ምሰሶ ቸብ ቸብ አደረገው። «አይዞዎት፣ ማዳም ሶአዚግ። የፊታችን እሑድ እኔ እቀይረዋለሁ።»

ሶአዚግ ከተንበረከኩበት ቀና ብለው አዩት። ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር።

«እሱም ልክ እንደዚህ ነበር የሚለው» አሉ። «ውሰዳት፤ ያንተ ናት።»