የዳቡስ አየር የመጨረሻው ሚዛን

ባሌ ዱጉማ የዳቡስ አየር አገልግሎት መዛኝ ነበር። በትንሽ አውሮፕላን የሚመዘነው ሻንጣ ብቻ አይደለም፤ ባለሥልጣንም ሆነ ነጋዴ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ዱጉማ ለማንም አያዳላም። አንዴ የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ «ሁለት ኪሎ አልፈዋል» ብሎ ጫማቸውን አስወልቋቸዋል። እሁድ የት እንደምገባ ጨንቆኝ ነበር።

በደህናው ጊዜ ዳቡስ ሦስት አውሮፕላኖች ነበሩት። የወለጋ መንገድ በክረምት ሲቆረጥ ቡና፣ መድኃኒትና በሽተኛ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ዱጉማ በሰማያዊ ሸሚዙ ጉለሌን ሲያቋርጥ ልጆች «አብራሪው!» ይሉታል፤ እሱም አያርማቸውም። ድርጅቱ በ1967 ተወረሰ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ሁለቱ አውሮፕላኖች ወደ ምሥራቅ ሄደው እዚያው ቀሩ። ለሦስተኛው መለዋወጫ ጠፋ። በ1970 ነሐሴ ላይ፣ አውሮፕላኗ ወለጋ ውስጥ ቤጊ አንዴ ደርሳ እንደተመለሰች ለመንግሥት ትሰጥ የሚል ደብዳቤ መጣ።

የዱጉማ እናት፣ እማማ ደሳለች፣ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ቤጊ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጳውሎስ ሆስፒታል እናሳያቸዋለን ስንል ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን ዱጉማ በዚህ የመጨረሻ በረራ ሄጄ ካላመጣኋቸው አለ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።

«ሌላ ሰው ያምጣቸው» አልኩት።

«ጠዋት ሄጄ ከሰዓት እመለሳለሁ፤ በቃ!»

በበረራው ቀን ከሰዓት መኪና በራችን ላይ ቆመ። አብራሪው ኢታና እማማን ደግፎ አስገብቶ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ወደ ደጅ ጠራኝ። ዱጉማ የለም።

«አትደንግጪ፣ ደህና ነው» አለኝ። «ልንነሳ ስንል ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ አመጡ። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ከልኩ ካለፍን አንነሳም። ሻንጣውን በሙሉ አወረድን። ዱጉማ ሰዉን እንደገና መዘነ። ሰባት ኪሎ ትርፍ። ‹ሰባት ኪሎ ምናት፣ ግባ› ብዬ ብለምነው፣ ታውቂው የለ፣ ራሱ ቀረ። ለእናቱ ግን ‹ሥራ አለብኝ› ነው ያላቸው።»

«ተመልሰህ አምጣልኝ!»

«አውሮፕላኗን አስረክቤ መምጣቴ ነው።»

በንዴት አለቀስኩ። በዚያ ክረምት ከቤጊ መውጣት በእግር ነው፣ በበቅሎ ነው፤ በየደረሰበት የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። ልጄን ያለ እሱ ልወልድ ነው። ለዚያ ሚዛኑ እግዜር ይይለት!

ፊቴን ታጥቤ ስገባ እማማ «ነይ እስቲ ፍቺልኝ» አሉኝ። ጋቢያቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ወገባቸው ላይ በመቀነት የታሰረ ስልቻ አየሁ። ማር ነው።

«ዕቃ ይውረድ ሲሉ ይህን ደበቅኩት» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። «ወላድ ቤት ባዶ እጅ ይገባል እንዴ? ዱጉማ እንኳ መዝኖኝ አላወቀብኝም!»

በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ስድስት ዓመት የመዛኝ ሚስት ነበርኩ፤ ስልቻው ከሰባት ኪሎ ቢያልፍ እንጂ አያንስም።

«ምነው? ማሩ ደስ አላለሽም?»

ጣቴን ነክሬ ላስኩ። «በጣም ይጣፍጣል፣ እማማ» አልኳቸው።

ዱጉማ የመጣው ልጃችን ሃምሳ ቀን ሲሞላው ነው፤ ከስቶ፣ ጫማው ተበጣጥሶ። እማማ ስልቻውን እንዴት እንደደበቁት በኩራት ነገሩት። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ስንት ኪሎ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ መዛኙ አንተ!»

ከዚያ ተነስቶ የእናቱን ጉልበት ሳመና ማሩን በዳቦ እንድሰጠው ጠየቀኝ።