እስከ ማፍጠሪያ የቆየው ኮኮናት

ዘሚራ ከሞምባሳ ይዛው የመጣችው ኮኮናት ገና አረንጓዴ ነበር። ቢቸና ላይ እንዲህ ያለ ፍሬ አይታወቅምና ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤት ሁሉ እያነሳ ይመዝነዋል። አንዷ ዱባ ነው አለች፣ ሌላዋ ቅል ነው ብላ ተከራከረች። የእኔ ዐይን ግን እናቴ ላይ ነበር።

እናቴ አስናቀች ተቅማጥና ትውከት ይዟት አልጋ ላይ ከዋለች ሰነባብታለች። ከጤና ጣቢያ የሰጡን ለምለም፣ ያ በውሃ የሚበጠበጠው ጨዋማ ዱቄት፣ ገና ከንፈሯን ሲነካ ያስመልሳታል። ሐኪሙ "ዛሬ የጠጣችው ካልረጋላት ሆስፒታል ውሰጃት" ብሎኛል። ፈርቻለሁ። ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ፤ አመሌ ነው።

ዘሚራ የጋሽ ሐምዱ ልጅ ናት። ሞጣ ሳለን ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። እናቷ በወሊድ ስትሞት፣ እኔን ታጠባ የነበረችው እናቴ እሷንም አንስታ አጠባች። "ግራው የዘሚራ፣ ቀኙ የይርጋነሽ" ትላለች እስካሁን። እነሱ መስጊድ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን፤ በዓል ሲመጣ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል። የጡት ልጅነቱን ግን ማንም ለይቶት አያውቅም። የእናቴን መታመም ስትሰማም አባቷ ሞጣ ላይ እየጠበቋት እሷ መንገዷን አቋርጣ እኛ ያለንበት ቢቸና ወረደች።

"ውሃው ለሆድ ቀላል ነው፤ እዚያ ሰው ሲታመም የሚሰጡት እሱን ነው" አለችኝ። ደስ አለኝ። አፏ አላርፍ ብሎ ግን ቀጠለች፤ "ውስጡ ያለውን ነጩን ደግሞ ፍቀው ወተት ያወጡበታል።"

እናቴ ዐይኗን ገለጠች።

"ወተት ካለውማ ሁዳዴ ነው። ለፋሲካ ይቀመጥልኝ።"

"የዛፍ እኮ ነው እማ!"

"ወተት ወተት ነው።"

ለፋሲካ አለች! እሷ እስከ ነገ መድረሷን እኔ እንጃ። ለንስሐ አባቷ ለአባ ኃይለ ጊዮርጊስ ደወልኩና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። "ከእንስሳ ያልወጣ የጾም ነው፤ ደግሞ አንቺ ታመሻል፣ አሁኑኑ ጠጪ" አሏት። "እሺ አባቴ፣ ይፍቱኝ" አለች። ገጀራውን አነሳሁ።

"ተይው" አለችኝ። "ገና ነው።"

ቅዳሴ እስኪወጣ ልትጠብቅ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። አስቀዳሾቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በደጃችን ሲያልፉ እንደገና ገጀራውን አነሳሁ።

"ገና ነው።"

"ምኑ ነው ገና? ልትሞችብኝ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። እንባዬ መጣ። ዘሚራ ልታረጋጋኝ ቀና ስትል ፊቷን አየሁት። ከንፈሯ ደርቋል፤ የእናቴም ደርቋል። ያኔ ገባኝ። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመዋል፤ ለመንገደኛ ቢፈቀድም ዘሚራ መንገድ ላይ ጾሟን አልፈታችም። ሁለቱም ተፈቅዶላቸው ሁለቱም እምቢ ብለዋል።

ለዘሚራም ገብቷታል። "እማ፣ እኔን ነው የምትጠብቂው?"

"አንቺ አጠገቤ ደርቀሽ እኔ ልጠጣ? ሕፃን ሳለሽ እንኳ ሳላጠግብሽ ጎርሼ አላውቅም።"

"እንግዲያው አሁን አፈጥራለሁ። ላንቺ ስል።"

"በእኔ የተነሳ ጾምሽን አትፍቺ። ይኸው ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች።"

አልዘቀዘቀችም ነበር። እርጥብ ጨርቅ እናቴ ከንፈር ላይ እያደረግሁ፣ በመስኮቱ ፀሐይዋን እየተራገምኩ ቆየሁ። ዘሚራ የእናቴን እግር ይዛ ተቀመጠች። ሁለታችንም የእናቴን ትንፋሽ ነበር የምናዳምጠው።

አዛን ሲሰማ ዘሚራ ገጀራውን ከእጄ ወስዳ የኮኮናቱን ጫፍ ገሸለጠችው። ጥርት ያለ ውሃ ብርጭቆውን ሞላው። እናቴን ደግፌ አስቀመጥኳት። ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ዘሚራ አፍ አስጠጋችው። "ቢስሚላህ" ብላ ዘሚራ ተጎነጨች። ከዚያ እናቴ አማተበችና ጠጣች።

ባልዲውን አቀረብኩ። ጠበቅን። ዘሚራ ከንፈሯን ነክሳለች፣ እኔ የእናቴን ጀርባ ይዣለሁ። አላስመለሳትም።

"ምን ምን ይላል?" አለቻት ዘሚራ።

እናቴ አሰብ አደረገች። "ብርዝ የነበረበት ዕቃ ሳይታጠብ የቀዱበትን ውሃ ይመስላል። ጨምሪልኝ።"

ጨመረችላት። ይኸኛውም ረጋላት። ከማጀት ገብቼ እንደ ልቤ አለቀስኩና ተመለስኩ። እናቴ ብርጭቆው ውስጥ ጥቂት አስቀርታ እየጠበቀችኝ ነበር።

"ነይ ይርጌ። ቀኑን ሙሉ ስትጮሂ ጉሮሮሽ ደርቋል።"

"አንቺ ጨርሽው፣ እኔ ደህና ነኝ።"

"ግራዋ ጠጥታ ቀኟ ትቅር?"

ብርጭቆውን አልለቀቀችልኝም። ጎንበስ ብዬ ከእጇ ጠጣሁ።