ደረቅ ካርቶን

ሾፌሮቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት መኪናው ናት እንጂ እሱስ በወጣትነቱ ነፋስ ነበር። የጡብ ፋብሪካው ያለው የዳገት አናት እንዳለፉ፣ ትንሽ ቁልቁል ወረድ ብሎ ነው። ሌሎቹ ዳገቱን እየፎከሩ ሲወጡት እሱ አሮጊቷን መኪናውን እያባበለ፣ በመስኮት እጁን አውጥቶ «እለፉኝ፣ እለፉኝ» እያለ፣ ከኋላው ሰልፍ ጎትቶ ይደርሳል። ግን ይደርሳል። የፋብሪካውን ጡብ ሲያመላልስ ፀጉሩ ሸበተ፤ አንድም ቀን ጭነት መንገድ ላይ ጥሎ አያውቅም። በዚህ ይኮራል። ይኩራ፣ ሌላ የሚኮራበት ምን አለው?

የአሮጊቷ በሽታ ካምቢዮዋ ነው። እንደ ሌሎቹ የጭነት መኪኖች ማርሽ በእጅ አይገባላትም፤ አውቶማቲክ ናት፣ ራሷ ትቀይራለች። ለዚህ ሥራዋ ቀይ ዘይት ትፈልጋለች፤ የሰጧትን ዘይት ግን አታከርምም። ማታ ግቢ ስትቆም ሚስቱ አሮጌ ትሪ ከሥሯ ትገፋለች፤ ጠዋት ትሪውን ስባ እያየች «ዛሬም ስትደማ አድራለች» ትላለች። እሱ የጎደለውን ሞልቶላት ይሄዳል። በምን ዘይት? በቀይ ዘይት። ለእሱ ቀይ ሁሉ አንድ ነበር። ባለሱቁ የሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ያለፈው ጊዜ ከየትኛው ጣሳ እንደተቀዳለት እሱም አይጠይቅ፣ ባለሱቁም አይነግረው።

እንዲህ እየተባለ ስንት ዘመን ይኬድ ነበር፣ ፋብሪካው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ባይመጣበት። ሰውየው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አስነጠፈ። ከዚያ ማስታወቂያ አስለጠፈ። ዘይት የሚያንጠባጥብ መኪና ሲሚንቶውን አይረግጥም። እያንዳንዱ መኪና በር ላይ ይቆምና ሞተሩ ጠፍቶ ከሥሩ ካርቶን ይነጠፍለታል፤ ካርቶኑ ላይ ጠብታ የተገኘበት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭነት የለውም። ፍተሻው ሰኞ ነው።

ቀስ በቀስ ማስታወቂያውን አንብቦ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ሌላ ቦታ ሄዶ ሥራ ቢጠይቅ የሚሉትን ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ሾፌር ከአሮጊት መኪና ጋር ማን ይቀበላል? ይህ በር ከተዘጋ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

በማግሥቱ ወደ ሚስቱ ታላቅ ወንድም ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ ጣቱን አሸተተ።

«ምን ስታጠጣት ነው የከረምከው?»

«ቀይ ዘይት ነዋ፣ ጋሼ።»

«ቀይማ ሽንኩርትም ቀይ ነው!» አለ መካኒኩ። «እሷ ስትሠራ የታዘዘላት ዘይት ዛሬ ገበያ ላይ የለም። አንተ የምትሰጣት የአዳዲሶቹን ነው፤ ቀጭን ነው፣ ለእሷ ውሃ ማለት ነው። ደግሞ ዓይነቱን ቀላቅለህባታል። ዘይቱን የሚያግዱት ጎማዎች ደርቀዋል፤ ቀጭን ዘይት ስንጥቅ አያጣም።»

«እና መድኃኒቷ ምንድነው?»

«ካምቢዮውን አውርዶ ጎማዎቹን መለወጥ። ጎማ ከየት ይመጣል ካልከኝ እኔም እየፈለግሁ ነው። ታገሠኝ፣ አንድ ቀን አንድ ቦታ ይገኛል።»

«ፍተሻው እኮ ሰኞ ነው፣ ጋሼ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ቀስ በቀስ እግሩ ሥር ያለውን ብሎን በጫማው ሲያንከባልል ቆየና፣ ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ያለውን ተናገረ።

«የፍሬን ዘይት ጠብ ባደርግባትስ?»

«እሱን የሚያደርጉት ሊሸጡ የተነሡ ሰዎች ናቸው» አለ መካኒኩ። «የፍሬን ዘይት ሲገባባቸው ጎማዎቹ ያብጣሉ፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ገዢው ደረቅ መሬት አይቶ ይከፍላል። ሰንበት ሲል ያው ጎማ እንደ ማስቲካ ይልመጠመጣል። ያኔ ማንጠባጠብ አይደለም፣ መጉረፍ ነው። አንተ ለማን ልትሸጣት ነው?»

«ለካርቶኑ።»

መካኒኩ ሳይወድ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት አቃተው፤ አማቹ ነው፣ እህቱ የምትበላው ከዚያ መሪ ላይ ነው። በትንሽ ብርጭቆ ለክቶ ሰጠውና ጣቱን ቀሰረበት። «ሰኞ አሳይተህ በዚያው ወደኔ ትመጣለህ። ዘይቱን ሙልጭ አድርጌ አፍስሼ አጥባታለሁ። ውሎ ካደረ እኔ የለሁበትም።» ቀስ በቀስም «እሺ ጋሼ» አለ። ከልቡ ነበር ያለው።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ትሪውን ሳበችና ተጣራች። «ና እስቲ! ምን አደረጋችኋት?» ትሪው ላይ ካለፈው ቀን አቧራ በቀር ምንም አልነበረም። ቀስ በቀስ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሰኞ አሮጊቷን አጥቦ፣ ጢሙንም ተላጭቶ፣ ይዟት ዳገቱን ወጣ። በሩ ላይ ዘበኛው እጁን አወዛወዘ።

«ተመርማሪ ብቻውን መጣ፣ መርማሪዋ የለችም! ግባና ጫን፣ ሌላ ቀን ነው ተብሏል።»

«ሌላ ቀን ማለት መቼ?»

«እኔን ጠየቅኸኝ? በር ከፋች ነኝ።»

እንግዲህ ሰው የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው። ወደ ጋራዥ ሄዶ ያስፈስሰው? አስፈስሶ ሲወጣ መንጠባጠቧን ትቀጥላለች፤ ፍተሻው ደግሞ ነገ ሊሆን ይችላል። ነገ ያልፍና አስፈስሰዋለሁ አለ። ነገ አልሆነም። ሲሚንቶው ተሰነጠቀና እንደገና ይነጠፍ ተባለ፣ ከዚያ ፍተሻው እንዲሁ ያለ ምክንያት ተላለፈ። ለአንዱ መኪና ቀጠሮ ሲተላለፍ እረፍት ነው፤ ለአሮጊቷ ግን እያንዳንዱ ቀን ከካምቢዮዋ ጎማዎች ላይ የሚቆረስ ነበር።

ክፉው ነገር ደግሞ ደረቅ መሬት ይጣፍጣል። ሚስቱ ትሪውን አጥባ ወደ ቤት አስገባች፤ የቆሸሸውን አፈር ዝቃ ግቢውን ጠረገችና አንሶላ መኪናዋ አጠገብ ማስጣት ጀመረች። እሱ ጠዋት ጠዋት ተንበርክኮ መኪናዋ ሥር ያያል፤ ምንም የለም። እየዋለ እያደረ ያንን ብርጭቆ ራሱ ረሳው ማለት ይቻላል፤ አሮጊቷ ድና ይሆናል ብሎ አሰበ። የቸገረው ሰው የማያምነው የለም። መካኒኩ ሲደውል አያነሣም።

«ወንድሜ ስልክ አላነሣ አለኝ ይላል» አለች ሚስቱ። «ተጣልታችኋል እንዴ?»

«ምን ያጣላናል? ደህና የሆነችውን መኪና ልነካካ ነው የሚለው።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሚያውቀው እሱ ነው።»

«የምነዳት እኔ ነኝ» አለ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

አንድ ጠዋት ጠብታዋ ተመለሰች። አንዲት ናት፣ ከአዝራር አትበልጥም። ሚስቱ ሳታይ በጫማው አፈር መለሰባትና ራሱ ከባለሱቁ ከገዛው የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ሌላ ብርጭቆ ጨመረ፤ አሁን የሚለካለት አልነበረም። ደረቀች። ሰንብታ ስትመለስ እንደገና ጨመረ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ዘግይታ ነው የምትከተለው። ጭነቱ ከብዶ ነው አለ። ባዶዋን ስትወጣም ያው ሆነ፤ ያን ጊዜ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

በመጨረሻ ፍተሻው ነገ ነው ተባለ፣ እርግጥ ነው ተባለ። በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ሆዷን ሲወለውል አመሸ። ጠዋት ሚስቱ እስከ በር ሸኘችው። «እሷም አንተም አምሮባችኋል» አለች፤ «እንዳለቀ ደውልልኝ።»

የዳገቱ አጋማሽ ላይ አሮጊቷ ጮኸች። ነዳጅ ሰጣት፤ ጩኸቱ ጨመረ፣ ጉዞው አልጨመረም። የተቃጠለ ዘይት ሸተተው። በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ ቀይ መስመር አስፋልቱን ይዞ ይከተለዋል፤ ቀጭን አይደለም፣ ጎርፍ ነው። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። ቢያቆም ዳግመኛ እንደማትነሣ ያውቃል። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ደግሞ እየታየው ነው፤ ከዳገቱ አናት እስከ በሩ ድረስ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። «እስከዚያ ብቻ፣ እናቴ» አላት፤ ጮክ ብሎ ነው ያላት፣ አላፈረም። እየተጎተተች፣ እያጨሰች አናቱ ላይ ደረሰች። እዚያ ሲደርሱ ካምቢዮው ጨርሶ ለቀቀ፤ በራሷ ክብደት ተንከባልላ ፍተሻው ቦታ ላይ፣ በረድፍ ከቆሙት አጠገብ ቆመች። ወረፋው እስኪደርሰው ከሥሯ ገብቶ የቀረውን ሁሉ በጨርቅ አደረቀ።

መርማሪዋ ትሁት ልጅ ናት። ካርቶኑን ራሷ ገፋችው። አጠገቡ ያለው ገና አዲስነቱ ያልለቀቀው መኪና ካርቶን ላይ ሁለት ጠብታ ተገኘና ሾፌሩ ሲከራከር፣ ሲለምን ቆይቶ፣ የወደቁት በሚወጡበት በግራ በኩል ባለው መንገድ ወጣ። ከዚያ የአሮጊቷን ካርቶን ሳበችው። ወደ ብርሃን አዞረችው፣ ገለበጠችው።

«ኑ እስቲ እዩ!» አለች ወደ ሾፌሮቹ። «በዚህ ዕድሜዋ አንዲት ጠብታ የለም! አባት፣ እንደ እርስዎ መኪናውን የሚይዝ ቢኖር እኔም ሥራ አልነበረኝም።»

ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። «ቀስ በቀስ ጉድ ሠራን!» አለ አንዱ። መርማሪዋ አረንጓዴውን ወረቀት መስታወቱ ላይ በእጇ እያለሰለሰች ለጠፈችለት። ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

«ይግቡ፣ አባት።»

ሞተሩን አስነሣ። ማርሹን ወደ ፊት አደረገ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ኋላ ሞከረ፤ ያው ነው። እንደገና ወደ ፊት። ካርቶኑ ደረቅ የሆነው የሚንጠባጠብ ስላልቀረ ነበር፤ ዘይቱ በሙሉ ዳገቱ ላይ ተሰምሯል። እሱ ይህን ያወቀው ቀደም ብሎ ነው፣ ግን እጁ ማርሹን መሞከር አልተወም። ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ማሰማት ጀመሩ። መርማሪዋ ፈገግታዋን እንደያዘች፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት ታየዋለች። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ፤ ማን እንደሆነች ሳያይ ያውቃል። አፈረ፤ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ሞተሩን አጠፋው። ሾፌሮቹ ነገሩ ሲገባቸው ጥሩምባውን ትተው ከኋላ ተሰበሰቡ፤ ትከሻቸውን አስጠጉ። ደግ ልጆች ናቸው።

«ቀስ በቀስ፣ ወዴት እንግፋህ?» ሲል አንዱ ጮኸ። «ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?»

በሩ እንደተከፈተ ነው። መስታወቱ ላይ የመግቢያ ፈቃዱ ሙጫ ገና አልደረቀም።

«ወደ ውጭ» አለ።

«ምን አልክ?»

መስኮቱን እስከ ታች አወረደና አንገቱን አውጥቶ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ወደ ውጭ!» አለ። መሪውንም በሁለት እጁ ታግሎ ወደ ግራ አዞረላቸው።