አምስት በመቶ

የትነበርሽ ሥራዋን ትችላለች፤ ይህን ጠላቷም አይክድም። ፀዳ በሚባለው ሰፈር በተከራየቻት አንድ ክፍል ተቀምጣ ለስንቱ ሱቅ ታፔላ፣ ለስንቱ ነጋዴ የማሸጊያ ሥዕል ሠርታለች። ሂሳብ መጠየቅ ላይ ግን ምላሷ ይተሳሰራል። «እንደተመቻችሁ» ትላለች፤ ለሰዎቹም ወር ሙሉ አይመቻቸውም።

የገፋፋቻት ጓደኛዋ ሰላም ናት። ኢንቮይስ፣ የክፍያ መጠየቂያ ወረቀት፣ ሳይሰጡ ገንዘብ መጠየቅ ልመና ነው አለቻት። የትነበርሽም ከኢንተርኔት በአማርኛ የተዘጋጀ ሸጋ ቅጽ አወረደች። ስሟን ከላይ በትልቁ ጻፈች፤ ከሥር የአምባ ጊዮርጊስ ነጭ ሽንኩርት አምራቾች ማኅበር፣ የጆንያ ሥዕል፣ አሥራ ሁለት ሺህ ብር። ለማኅበሩ ጸሐፊ ለሰውአገኝ በቴሌግራም ላከችና ስትኮራ ዋለች። ክፍያው ሽንኩርቱ ሲሸጥ እንዲሆን ከሊቀ መንበሩ ከአያ ሀብተሥላሴ ጋር በቃል ተስማምተው ነበር፤ ኢንቮይሱ ለወግ ያህል ነው።

ለወግ ያህል! ሁለት ሳምንት አልፎ ቅዳሜ ጠዋት ሰውአገኝ ደወለ። አያ ሀብተሥላሴ አህያቸውን ሊሸጡ ገበያ ወርደዋል አላት። የማኅበሩ ካዝና ባዶ ነው፣ ቀኑም ትናንት አልፏል፣ ቅጣቱ ሳይበዛ ከራሴ ልክፈለው ብለዋል። የምን ቅጣት ብላ ኢንቮይሱን ስልኳ ላይ ከፈተች። ከግርጌው በደቃቁ «በአሥራ አምስት ቀን ያልተከፈለ ሂሳብ አምስት በመቶ ቅጣት ይታሰብበታል» ይላል። ከቅጹ ጋር የመጣ ነው። ሳታነበው፣ ሳታጠፋው ልካዋለች።

የአያ ሀብተሥላሴ ስልክ ዝግ ነው። ደግማ ሞከረች፤ ዝግ። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መናኸሪያ በረረች። ሚኒባሱ አልሞላም። ገባች፣ ወረደች፣ ተመልሳ ገባች፤ የጎደለውን ወንበር ሁሉ እኔ ልክፈል ስትል ሾፌሩ ሳቀባት። በመጨረሻ ተነሥተው ወለቃ መንደር ሲደርሱ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ሸክላዋን በጭድ እየጠቀለለች አንድ በአንድ ስትጭን የትነበርሽ ጥፍሯን ትበላለች። ያቺን አህያ ታውቃታለች። ለሥራው የሄደች ጊዜ ቦርሳዋንና ኮምፒውተሯን ከአስፋልቱ እስከ አያ ሀብተሥላሴ ቤት ያወጣችላት እሷ ናት። የቤቱ ውሃ፣ እህሉ፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም በእሷ ጀርባ ነው። ሰው እንዴት የላከውን አያነብም? እያለች መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትረግም ሄደች።

ስትደርስ ገበያው ተጋምሷል። አያ ሀብተሥላሴ ከከብት ተራው ዳር አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስደግፈው ቆመዋል። አህያ የለችም። ገዢው እየነዳ ወደ ዳባት ከሄደ ቆይቷል።

ሲያይዋት ፊታቸው በራ። ከደረት ኪሳቸው የተቋጠረ ጨርቅ አወጡ።

«እሰይ፣ አንቺው መጣሽልኝ። አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነው፤ ቁጠሪው። ቀኑን ስላሳለፍነው ቅጣቱንም አስገብቻለሁ።»

«አያ፣ ያ የእኔ ቃል አይደለም። ወረቀቱ ላይ የነበረ ነው። ሳላነበው ነው የላክሁት።»

አያ ሀብተሥላሴ ሰውአገኝ አትሞ የሰጣቸውን የታጠፈ ወረቀት ዘረጉና ከላይ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ በጣታቸው ነኩ።

«ምነው ልጄ፣ ስምሽ አለበት እኮ።»

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ገዢውን እንከተለው አለች፣ ብሩን መልሰው ይያዙት አለች፣ ስድስት መቶዋን እንኳ ብላ ለመነች። እሳቸው ግን ሥራሽ ሸጋ ነው፣ የተሸጠም ተሸጧል ብለው ጨርቁን እጇ ላይ አስቀመጡ።

የሽንኩርት ዋጋ ወድቆ ስለዋለ ጆንያው ወደ ቤት ተመላሽ ነው። ጎንበስ ብለው በጀርባቸው አዘሉትና ዳገቱን ተያያዙት። የትነበርሽ ብሩን እንደጨበጠች ከኋላቸው ቀረች። የሣለችው ሽንኩርት ከሽማግሌው ጀርባ ላይ ይወዛወዛል። ከሥዕሉ ሥር፣ በደቃቁ፣ «የሠራችው፦ የትነበርሽ» ይላል። ይህንን ግን አንብባዋለች፤ ሦስት ጊዜ።

ሮጣ ደረሰችና የጆንያውን ጫፍ ያዘች።