የቶኩማ ዜማ

«በዚህ ላይ አልፈርምም!» ወይንሀረግ የስምምነት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ዳዊ ስልኩን አወረደ። የሙዚቃ ተመራማሪ ነው፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ የአባቷን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ ሲያነሳ አርፍዷል። የአባቷ፣ የቫዮሊን ተጫዋቹ የአቶ ፉፋ አርባ ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው።

«እትዬ ወይንሀረግ፣ ምን አጠፋሁ?»

«እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው።»

«‹የስኮትላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች የሚስተር ዳንካን የዜማ ደብተር። ሃያ ሦስት ዜማዎች። ያቆየው፦ የቤት ሠራተኛው ፉፋ።›»

«የቤት ሠራተኛው! አባቴ ሠላሳ ዓመት ኦርኬስትራ ውስጥ የተጫወተ ሰው ነው!»

«የሚስተር ዳንካን የልጅ ልጆች ናቸው እንዲህ ብለው የላኩት። ደብተሩ አገራቸው ተወስዶ ለኤግዚቢሽን...»

«የመጀመሪያዎቹ አስራ አንዱ የሰውየው ናቸው፤ አልካድኩም። አባቴንም ያስተማረው እሱ ነው። የቀሩትስ?»

«ቀኑን ይዩታ።» ዳዊ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። «12-5-66። ሜይ አስራ ሁለት፣ ስልሳ ስድስት። ሚስተር ዳንካን እዚህ የነበሩት እስከ ስልሳ ስምንት ነው።»

ወይንሀረግ ቁጥሩን አየችው።

«በማን አቆጣጠር?»

«በፈረንጅ ነዋ።»

«የጻፈው ግን አበሻ ነው! አምስተኛው ወር ጥር ነው፣ አንተ ልጅ። ጥር አስራ ሁለት! አገሩ ሁሉ የሚካኤልን ታቦት እየዘፈነ ሲሸኝ እኛ ወንድሜን ቶኩማን ቀበርን። ኩፍኝ ወሰደው። አባቴ ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋና ይሄን ተጫወተ። ያንተ ሚስተር ያኔ አገሩ ከገባ አምስት ዓመቱ!»

ዳዊ በከንፈሩ ቆጠረ። ስልሳ ስድስት ላይ ስምንት ጨመረ፤ ሰባ አራት።

«እውነትዎን ነው። ግን የኤግዚቢሽኑ መግለጫ ታትሟል። ከስር በትንሹ ማስታወሻ እናስገባለን።»

«በትንሹ? ወንድሜ በትንሹ ነው የሞተው?»

ደብተሩን ሳበችው። አቶ ፉፋ የራሳቸውን ገጾች ከመምህራቸው ገጾች ጋር ያያያዙት በሲባጎ ነበር። ቋጠሮው በዓመታት ብዛት ደርቋል፤ በጥፍሯ ሞከረች፣ እንቢ ሲላት በጥርሷ። ሲፈታ የሰውየውን ገጾች ለይታ በጋዜጣ ጠቀለለችና ሰጠችው።

«ለልጅ ልጆቹ አድርስልኝ። የአያታቸው እጅ ነው፣ እንዳይቀደድ።»

«የቀረውስ፣ እትዬ?»

ወይንሀረግ የአባቷን ገጾች ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ስልኩ ጠቆመች።

«ያነሳኸውን እያየሁህ አጥፋ።»